የስፖርት መኪናን ዘመን ከአካሉ ለማንበብ፦ ጅማ ላይ ሆኖ ለሚያጠና ሰው የተዘጋጀ መመሪያ

የስፖርት መኪና ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው በስም ዝርዝርና በፍጥነት ቁጥር ነው። ዝርዝሩን የሸመደደ ሰው ስምና ዓመት መጥራት አያቅተውም፤ አይቶት የማያውቀው መኪና ፎቶ ሲቀርብለት ግን ከየትኛው ዘመን እንደሆነ ለመገመት መነሻ ያጣል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በሌላ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ነው። በየዘመኑ ሠሪዎቹን ያስቸገረ ነገር ነበር፤ አንዴ ክብደት፣ አንዴ የፍሬን ሙቀት፣ አንዴ የነዳጅና የጭስ ሕግ፤ ለችግሩ የተገኘው መፍትሔም በመኪናው አካል ላይ ይታያል። መፍትሔውን ያወቀ ሰው መኪናው ከየትኛው ዓመት በፊት ሊሠራ እንደማይችል ያውቃል። የመመሪያው ዋና መሣሪያ ይህ «ከዚህ በፊት ሊሆን አይችልም» የሚል ድንበር ነው፤ «ከዚህ በኋላ ሊሆን አይችልም» የሚያሰኝ ምልክት ግን ጥቂት ነው፤ ሲገኝ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

መመሪያው የታሰበው በጅማ ለሚገኝ የአውቶ ሜካኒክስ ሠልጣኝ፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ምህንድስና ለሚማር ወጣት፣ ወይም ጋራዥ ውሎ ለሚገባ ባለሙያ ነው። በሂርማታ መርካቶ ፌራሪ አያልፍም፤ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ተሽከርካሪ ግን ሞልቷል። ባጃጁ፣ ቪትዙ፣ አይሱዙው፣ አልፎ አልፎ የሚታየው አሮጌ ቮልስ፣ እያንዳንዳቸው ከስፖርት መኪና ታሪክ አንድ ምዕራፍ ያስረዳሉ። ከታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዝግጅት

ለእያንዳንዱ መኪና ሦስት ፎቶ ይፈልጉ፦ ከጎን የተነሣ፣ ከኋላ የተነሣ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩ የሚታይበት። የጎኑ ፎቶ ቀጥ ብሎና ራቅ ብሎ የተነሣ መሆን አለበት፤ በሞባይል ቀርቦ የተነሣ ምስል የፊቱን አግንኖ የኋላውን ስለሚያሳንስ ልኬቱን ያበላሸዋል። ኔትወርክ ደህና በሆነበት ሰዓት ምስሎቹን አውርደው ያስቀምጡ፤ የጎኑን ደግሞ በወረቀት ያሳትሙ። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልግዎ ማስመሪያ፣ እርሳስና ደብተር ብቻ ነው።

ሞተሩ የት ነው?

ሁልጊዜ ከዚህ ጥያቄ ይጀምሩ፤ የሾፌሩን መቀመጫ፣ የአየር ማስገቢያውን ቦታ፣ የጎማውን ስፋትም ጭምር የሚወስነው የሞተሩ ቦታ ነውና። በጎኑ ፎቶ ላይ የፊትና የኋላ እግሮችን (ጎማዎችን) መካከለኛ ነጥብ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ቀጥሎ ከፊተኛው ነጥብ እስከ በሩ መጀመሪያ ድረስ ያለውን ይለኩ። ሁለተኛው ርቀት ከመጀመሪያው አንጻር ትልቅ ከሆነ፣ ማለትም ኮፈኑ ረጅም ሆኖ ሾፌሩ ወደ ኋላ እግር ተጠግቶ ከተቀመጠ፣ ሞተሩ ከፊት ነው። የሾፌሩ እግር ከፊት ጎማ አጠገብ የሚያርፍ ሆኖ ከበሩ በስተኋላ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ከታየ ሞተሩ መሐል ላይ፣ ማለትም ከመቀመጫው ኋላና ከኋላ እግር ፊት ነው። ከኋላ ጎማ አልፎ የተንጠለጠለው ክፍል ረዘም ብሎ የፊቱ ዝቅ ያለና ባዶ የሚመስል ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ከኋላ ነው።

ለመለማመጃ በ1961 በጄኔቫ ትርዒት የቀረበውን ጃጓር ኢ-ታይፕ ይውሰዱ። ማስመሪያውን ሲያሳርፉበት ኮፈኑ ብቻውን ከመኪናው ርዝመት ግማሽ የሚጠጋውን እንደያዘ ያያሉ። ይህ ለውበት ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ከኮፈኑ ሥር ስድስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ የተደረደረበት ባለ 3.8 ሊትር ሞተር አለ፤ ረድፉ ቦታ ይፈልጋል። የዚህ ሞተር ዘር በ1948 ለንደን ላይ ከቀረበው ኤክስኬ120 ይጀምራል። የዚያ መኪና ሞተር 3.4 ሊትር ነበረ፤ ስሙም የተወሰደው በሰዓት 120 ማይል፣ ማለትም 193 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከሚደርሰው ፍጥነቱ ነው። ሞተር ከፊት፣ ጉልበት በትራስሚሲዮን (ከሥር በሚያልፈው ረጅም ዘንግ) ወደ ኋላ፤ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ አብዛኛው የስፖርት መኪና ይህን ሥርዓት ይከተል ነበር።

የኋላ ሞተርን ለመረዳት ፎቶ አያስፈልግም። የቆመ ባጃጅ ጋ ሄደው ከኋላው ጎንበስ ይበሉ፤ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የሚነዱት ጎማዎች አንድ ላይ ተሰብስበው ያገኟቸዋል። ረጅም ትራስሚሲዮን የለም፤ ወለሉ ነጻ ነው፤ ጥገናውም ቅርብ ነው። ቮልስም የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ የመጀመሪያው የፖርሽ መኪና ደግሞ የተገነባው ከቮልስ ክፍሎች ነው። በ1948 በኦስትሪያ ግሙንድ በምትባል ትንሽ ከተማ የተሠራው ቁጥር አንድ 356 ሞተሩ ከኋላ እግር ፊት ነበር፤ ለሽያጭ በተሠሩት ላይ ግን ለመቀመጫና ለዕቃ ቦታ ለማግኘት ሲባል ወደ ኋላ ተገፋ። በ1963 ፍራንክፈርት ላይ 901 ተብሎ የቀረበው ተተኪው፣ ፔዦ መሐሉ ዜሮ የሆነ ባለ ሦስት አሃዝ ስም የእኔ ነው ብሎ በመቃወሙ 911 ተባለ።

ከኋላ እግር አልፎ የተንጠለጠለ ሞተር ጠባይ አለው። ሾፌሩ በኩርባ መሐል ደንግጦ ነዳጅ ሲለቅ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላ ጎማዎች ይቀላቸዋል፤ የተንጠለጠለው ሞተርም የመኪናውን ኋላ ወደ ውጭ ይወረውረዋል። ፖርሽ ለዚህ መልስ የሰጠው ሞተሩን ከቦታው በማንሣት አይደለም፤ ዙሪያውን በማስተካከል ነው። ለ1969 ሞዴል በፊትና በኋላ እግር መካከል ያለው ርቀት በ57 ሚሊ ሜትር ረዘመ፤ የኋላ ጎማዎች ቀስ በቀስ ሰፉ፤ በ1973 በካሬራ አርኤስ 2.7 ላይ የዳክዬ ጭራ የሚመስል ክንፍ ተጨመረ፤ በ1975 ቱርቦው ከነሰፊ ክንፉና ከነአበጠው የኋላ መከለያው ለገበያ ቀረበ። ሞተሩ እስከ 1998 ድረስ በአየር ሲቀዘቅዝ ቆየ። ጊዜ ያነሰው ተማሪ አንድ መኪና ብቻ ላጥና ቢል 911ን እንዲመርጥ እመክራለሁ፤ አጠቃላይ ቅርጹ እምብዛም ስላልተለወጠ፣ የተለወጠው ነገር ሁሉ ጎልቶ ይታያልና። የተለያዩ ዓመታትን የጎን ፎቶ በአንድ ልክ አሳትመው በመስኮት ብርሃን ላይ ደርበው ቢያዩአቸው ልዩነቱ በቀላሉ ይለያል።

የመሐል ሞተር መጀመሪያ ያሸነፈው በውድድር ሜዳ ነው። አነስተኛው የእንግሊዝ ኩባንያ ኩፐር ሞተሩን ከሾፌሩ ኋላ ባስቀመጠባቸው መኪናዎች ጃክ ብራብሃም በ1959 እና በ1960 የፎርሙላ አንድ ሻምፒዮን ሆነ፤ ከዚያ በኋላ የፊት ሞተር በዚያ ውድድር ዕድሜው አጭር ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት ከመጋዘን ቡና የሚያወጣን ጫኝ መመልከት ይበቃል፤ ጆንያውን ከአንገቱ አስጠግቶ ሲሸከም እንደልቡ ይዞራል፣ ያንኑ ክብደት በእንጨት ጫፍ አንጠልጥሎ ቢይዝ ግን ለመዞርም፣ ዞሮ ለመቆምም ይቸገራል። ከባዱ ነገር ወደ መሐል ሲጠጋ መኪናው ለመሪ ቶሎ ይታዘዛል። ይህን በመንገድ መኪና ላይ የሞከሩ ቀደም ብለውም ነበሩ፤ ዓለምን ያስደነቀው ግን በ1966 ጄኔቫ ላይ የቀረበው ላምቦርጊኒ ሚዩራ ነው። ባለ 3.9 ሊትር ቪ12 ሞተሩ ከመቀመጫዎቹ ኋላ በአግድም ተጋድሟል፤ ቅርጹን ያወጣው ቤርቶኔ በተባለው የጣሊያን የመኪና ቅርጽ አውጪ ድርጅት ይሠራ የነበረው ማርቼሎ ጋንዲኒ ነው።

መሐል ላይ ያለ ሞተር ጓዳውን (ሰው የሚቀመጥበትን ክፍል) ያሞቃል፣ ድምፁ ጆሮ ላይ ነው፣ የኋላ ዕይታ ያጠብባል፣ ለዕቃ ቦታ አይተውም። በዚህም ምክንያት ሁሉም ሠሪ አልተከተለውም። የአሜሪካው ኮርቬት መሐንዲስ ዞራ አርኩስ-ዱንቶቭ ለዓመታት ቢወተውትም ኮርቬት ሞተሩን ወደ መሐል ያመጣው በ2020 ሞዴል ነው። በሌላ በኩል ፊያት ኤክስ1/9 በ1972፣ ቶዮታ ኤምአር2 በ1984 ይህንኑ አሠራር አቅም ለመጠነ ገዢ አቅርበዋል። ስለዚህ የመሐል ሞተር ሲያዩ «ከ1960ዎቹ በፊት የመሆን ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው» ብለው ይጻፉ እንጂ ከዚያ በላይ አይድፈሩ።

ጎማና ፍሬን

የጎማ ጽሑፍ ማንበብ ለጋራዥ ሰው አዲስ አይደለም፤ ዘመን ለመለየት ሲውል ግን ሌላ ጥቅም አለው። በባጃጅ ጎማ ላይ 4.00-8 የሚል ያገኛሉ፤ ስፋቱ 4 ኢንች፣ ቸርኬው 8 ኢንች ማለት ነው። ከጦርነቱ በኋላ በ1945 መመረት የጀመረውና ብዙ አሜሪካውያንን ከእንግሊዝ የስፖርት መኪና ጋር ያስተዋወቀው ኤምጂ ቲሲ ጎማው 4.50-19 ነበር። የዘመኑ ዝነኛ የስፖርት መኪና ጎማ በስፋቱ ከባጃጅ ጎማ የሚበልጠው በግማሽ ኢንች ብቻ ነው ማለት ነው። ሞተሩም 1250 ሲሲ ሆኖ 54 የፈረስ ጉልበት ብቻ ስለነበረው ከዚያ የሰፋ ጎማ አላስፈለገውም።

አሁን ከዚህ ጋር በ1978 የቀረበውን ላምቦርጊኒ ኩንታሽ ኤልፒ400 ኤስ ያነጻጽሩ። የኋላ ጎማው 345/35 ሲሆን ቸርኬው 15 ኢንች ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱን በሚሊ ሜትር ይናገራል፤ ሁለተኛው የጎማው ግድግዳ ከፍታ ከስፋቱ 35 በመቶ መሆኑን ይገልጻል። ያስሉት፦ ግድግዳው 121 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የኤምጂው ጎማ ሙሉ ስፋት 114 ሚሊ ሜትር ነበር። በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ የጎማው ስፋት ሦስት እጥፍ አደገ፤ ለዚህም መንገድ የከፈተው ሚሼሊን በ1946 የፈጠራ መብት ያወጣበት የራዲያል ጎማ አሠራር ነው።

የቸርኬ ቁጥር ብቻውን ያሳስታል። የኤምጂ ቲሲ ቸርኬ 19 ኢንች ነው፤ ዛሬ የሚመረቱ የብዙ ስፖርት መኪናዎች ቸርኬም 19 ወይም 20 ኢንች ነው። የድሮው ቀጭንና ረጅም እግር የፈረስ ጋሪ ዘመን ውርስ ነው፤ የዛሬው ግን ውስጡ ትልቅ የፍሬን ዲስክ ማስገባት ስለሚፈልግ ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ በቸርኬውና በመሬቱ መካከል የሚታየውን የላስቲክ ከፍታ ይለኩ።

ፍሬንን በተመለከተ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሹፌር የሚያውቀው ትምህርት አለ። ሰኮሩን አልፎ ከአበልቲ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወረድ በማርሽ ሳይዝ ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ባለ ታምቡር የጭነት መኪና መጀመሪያ የሸራ ሽታ ይሸታል፤ ቀጥሎ ፔዳሉ እየጠለቀ ይሄዳል። ታምቡር ዝግ ስለሆነ ሙቀቱን ያምቃል፤ ብረቱ ሲሞቅ ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። የ1940ዎቹና የ1950ዎቹ የስፖርት መኪናዎች ችግር ይኸው ነበር፤ ሞተሩ መሮጥ ይችላል፤ በረጅም ውድድር ደጋግሞ መቆም ግን አይችልም። ዲስክ ለአየር የተጋለጠ በመሆኑ ሙቀቱን ቶሎ ይጥላል። በ1953 ጃጓር ሲ-ታይፕ ደንሎፕ የሠራው ዲስክ ፍሬን ተገጥሞለት የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር በአማካይ በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር አሸነፈ። ሾፌሮቹ ከተፎካካሪዎቻቸው ዘግይተው ፍሬን መያዝ ይችሉ ስለነበር በእያንዳንዱ ዙር ጊዜ ይቆጥቡ ነበር።

ሆኖም አዲስ ነገር በውድድር ታየ ማለት በማግስቱ መንገድ ላይ ወጣ ማለት አይደለም። በ1954 የቀረበው መርሴዲስ 300 ኤስኤል በዘመኑ እጅግ ፈጣን ከሚባሉት የመንገድ መኪናዎች አንዱ ሆኖ ሳለ በታምቡር ፍሬን ነበር የሚቆመው፤ ክፍቱ ሞዴል ዲስክ ያገኘው በ1961 ነው። ኢ-ታይፕ ከመጀመሪያው ዕለት አራቱም እግሮቹ በዲስክ ነበሩ፤ ኮርቬት በ1965 ተከተለ። በፎቶ ላይ ፍሬኑን ለማየት በቸርኬው ክፍተት አሻግረው ይመልከቱ። የሚያብረቀርቅ ጠፍጣፋ ብረት ከታየ ዲስክ ነው። ግራጫ መልክ ያለው እጅግ ትልቅ ዲስክ ከሆነ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የመጣው የካርቦን ሴራሚክ ሊሆን ይችላል።

አካሉ ከምን ተሠራ?

እዚህ ላይ ፎቶ ብዙ ስለማይናገር አጠር አድርጌ አልፈዋለሁ። ኤምጂ ቲሲ በብረት ሻንሲ ላይ የተተከለ የእንጨት አጽም ነበረው፤ ላሜራው በእንጨቱ ላይ ይለበጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ክብደት የመቀነስ ታሪክ ነው። የ1953ቱ ኮርቬት በፋይበር ግላስ ተሠራ፤ በዚያ ዓመት የወጣው 300 ብቻ ነበር። የሎተስ መሥራች ኮሊን ቻፕማን በ1962 ባወጣው ሎተስ ኤላን መሐሉን እንደ አከርካሪ በሚያልፍ የላሜራ ሻንሲ ላይ የፋይበር አካል ጭኖ ክብደቱን ከ700 ኪሎ በታች አደረገ። ሆንዳ ኤንኤስኤክስ በ1990 አካሉን በሙሉ በአሉሚኒየም ሠራ፤ ማክላረን ኤፍ1 በ1992 ወደ ካርቦን ፋይበር ተሸጋገረ።

የአሠራር ዘዴ በግልጽ ፎቶ ላይ የሚነበበው በ300 ኤስኤል ነው። ሻንሲው በቀጫጭን የብረት ቱቦዎች የተገጣጠመ መረብ ሲሆን፣ ጥንካሬ ለማግኘት ሲባል ቱቦዎቹ በጎን በኩል ከፍ ብለው አልፈዋል። በዚያ ቦታ ተራ በር ቢገጠም ከቱቦዎቹ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ በሩ ከጣሪያው ታጥፎ ወደ ላይ እንዲከፈት ተደረገ። ብዙ ሰው ለጌጥ የተደረገ ይመስለዋል፤ የሻንሲው አሠራር ያስገደደው ነው።

ሕግም በአካል ላይ ምልክት ይተዋል። አሜሪካ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፓራውልት ዝቅተኛ ግጭትን ያለ ጉዳት እንዲችል ስታስገድድ፣ እስከዚያ ቀጭን የኒኬል ፓራውልት የነበረው ኤምጂቢ በ1974 ወፍራም ጥቁር ላስቲክ ተገጠመለት፤ ከመሬት ያለው ከፍታም ጨመረ። የላስቲክ ፓራውልት ያለው ኤምጂቢ ያየ ሰው ዓመቱን ለመገመት ሌላ ምልክት አያስፈልገውም። በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ማለትም «ከዚህ በኋላ ሊሆን አይችልም» ለማለት የሚያስችለው ምልክት ከኮፈን ብቅ የሚለው የፊት መብራት ነው። በ1960ዎቹ ተስፋፍቶ፣ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የፊቱን ሹል ማድረግ ፋሽን ሲሆን በየቦታው ታይቶ፣ በ2004 በኮርቬትና በሎተስ ኤስፕሪ ላይ በብዛት ከሚመረቱ መኪናዎች ጠፋ።

ሞተሩ እንዴት ይተነፍሳል?

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሳሳል፤ አየሩን በራሱ ብቻ የሚስብ ሞተርም በዚያው መጠን ጉልበት ያጣል። ካርቡራተሩ በባሕር ዳርቻ ልክ የተስተካከለ እንደሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ከአየሩ ጋር ሲመዛዘን ይበዛና ካንዴላው ይጠቁራል። ይህን በእጁ ያየ ሜካኒክ የስፖርት መኪና መሐንዲሶች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲታገሉበት የኖሩትን ነገር ግማሹን ያውቃል፤ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውን አየር ማብዛት ነው።

ኮፈኑ በተከፈተበት ፎቶ ላይ በረድፍ የቆሙ ቀንድ መሳይ የአየር መሳቢያዎች ካዩ ባለ ብዙ ካርቡራተር ሞተር ነው፤ የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ የጣሊያን መኪናዎች መለያ ነው። 300 ኤስኤል ግን በ1954 ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ ፓምፕ ተገጥሞለት ነበር፤ ከሌሎቹ ብዙ ዓመት ቀድሞ የሄደ ስለሆነ ሊያሳስትዎ ይችላል።

በአሜሪካ የ1970ው የንጹሕ አየር ሕግና በ1973 መገባደጃ የመጣው የነዳጅ ቀውስ ተደራርበው የትልልቅ ሞተሮችን ጉልበት ጣሉት፤ የ1975 ኮርቬት መነሻ ሞተር 5.7 ሊትር ሆኖ ጉልበቱ 165 ብቻ ነበር። አውሮፓውያን በዚሁ ጊዜ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ወደሚገፋው ቱርቦ ዞሩ። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ በ1962 ኦልድስሞቢል ጄትፋየርና ሸቭሮሌ ኮርቬር በቱርቦ ቀርበዋል። ቢኤምደብልዩ 2002 ቱርቦ በ1973፣ 911 ቱርቦ በ1975 ባለ 3.0 ሊትር ሞተርና 260 የፈረስ ጉልበት ሲመጡ ግን ቱርቦ የስፖርት መኪና ቋንቋ ሆነ። የቀደሙት ቱርቦዎች ነዳጅ ከተሰጠ በኋላ ጥቂት ዝም ብለው ድንገት ይገፉ ነበር፤ ያ ድንገተኛ ግፊት ከ911 የኋላ ክብደት ጋር በኩርባ መሐል ሲገናኝ ምን እንደሚያደርግ ቀደም ብሎ ተነግሯል።

1980ዎቹ ይህ ሁሉ የተጋነነበት ዘመን ነው። አውዲ ኳትሮ በ1980 ቱርቦን ከአራት እግር ጉተታ ጋር አጣመረ፤ ፌራሪ ኤፍ40 በ1987 ከ2.9 ሊትር ቪ8 በሁለት ቱርቦ 478 የፈረስ ጉልበት አወጣ። የኤፍ40ን የኋላ መስታወት በፎቶ ይመልከቱ፤ በአግድም የተቆረጡ ክፍተቶች አሉት፤ የሞተሩ ሙቀት በዚያ ይወጣል።

ከጓዳው የሚገኝ መረጃ

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ያሉትን መኪናዎች ከውጭ መለየት እየከበደ ስለሚሄድ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ሦስት ፔዳልና የካምቢዮ ዘንግ ካለ መኪናው ከየትኛውም ዘመን ሊሆን ይችላል። ከመሪው ኋላ ሁለት ቅጠል መሳይ ማርሽ መቀየሪያዎች ካሉ ግን ድንበርዎን ወደ 1990ዎቹ መጨረሻ ያምጡት፤ ፌራሪ ከፎርሙላ አንድ ያመጣውን ይህን ዘዴ በኤፍ355 ላይ የገጠመው በ1997 ነው። ኒሳን ጂቲ-አር በ2007 ሲመጣ ሁለት ፍሪሲዮን ያለው ካምቢዮ ከማንም ሹፌር እጅ ይፈጥን ነበር። ቡጋቲ ቬይሮን በ2005 በአሥራ ስድስት ሲሊንደርና በአራት ቱርቦ 1,001 የፈረስ ጉልበት ሲያወጣ ሞተሩንና ሌሎቹን ክፍሎች ለማቀዝቀዝ አሥር ራዲያተር አስፈልጎታል፤ እኔ ይህንን ከስኬት ይልቅ የቤንዚን ሞተር ጣሪያ ማሳያ አድርጌ ነው የማየው።

ቀጣዩ መንገድ ኤሌክትሪክ ነው። ቴስላ ሮድስተር በ2008 በሎተስ ኤሊዝ አሠራር ላይ ተመሥርቶ ቀረበ፤ በ2013 ማክላረን ፒ1፣ ፖርሽ 918 እና ላፌራሪ ሞተርና ባትሪን አጣምረው መጡ፤ በክሮኤሺያ የተሠራው ሪማክ ኔቬራ በአራት የኤሌክትሪክ ሞተር 1,914 የፈረስ ጉልበት አለው። ክብደቱ ግን ከሁለት ቶን በላይ ነው፤ ማክላረን ኤፍ1 ግን 1,140 ኪሎ ገደማ ነበር። ኢትዮጵያ በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በአገራችን መንገድ ላይ እየበዛ ስለሆነ፣ ምልክቶቹን በቅርብ ማየት ይቻላል፦ የፊቱ ድፍን ነው፣ ባትሪው ከወለሉ ሥር ስላለ አካሉ ከጎን ሲታይ ወፍራም ነው፣ የጭስ ማውጫ የለውም። አየር ስለማይስብም ከፍታ ጉልበቱን አይነካበትም፤ ጅማ ላይ ያለው ጉልበት ጅቡቲ ላይ ካለው አይለይም።

የሚያሳስቱ ነገሮችና መልመጃ

ሁለት ወጥመዶችን ይጠንቀቁ። አንደኛው አስመስሎ የተሠራ መኪና ነው፤ ኮብራ የተባለው የስፖርት መኪናና ፖርሽ 356 ስፒድስተር በብዛት ተመስለው ተሠርተዋል፤ ከፖርሾቹ ብዙዎቹ የቮልስ ወለል ላይ የተጫነ የፋይበር አካል ናቸው። አካሉና ቸርኬው ወይም ጓዳው የተለያየ ዘመን ከተናገሩ የሚያሸንፈው የቅርቡ ዘመን ነው። ሁለተኛው የጉልበት ቁጥር ነው። የኮርቬት መነሻ ሞተር በ1971 ጉልበቱ 270፣ በ1972 ደግሞ 200 ተብሎ ተጽፏል። ሞተሩ በአንድ ዓመት ይህን ያህል አልደከመም፤ አሜሪካውያን ማርሚታውና ሌላው ዕቃ ሁሉ ሳይገጠም ይለኩት የነበረውን ሞተር ሁሉም ተገጥሞ እንደ መኪናው ሆኖ እንዲለካ ስላደረጉ ነው። ከ1972 በፊት ያለን የአሜሪካ ቁጥር ከኋለኛው ጋር በአንድ ሠንጠረዥ አያስቀምጡ።

መልመጃውን በሚከተለው መንገድ ያካሂዱ። ጓደኛዎ የመኪናውን ስም በወረቀት ሸፍኖ ሦስቱን ፎቶ ይስጥዎ። እንበልና ትንሽ፣ ክፍት፣ ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና ነው፤ የፊት መብራቱ ከኮፈኑ ብቅ ይላል፤ ኮፈኑ ከጠቅላላው ርዝመት አንጻር ረዘም ያለ ነው፤ በቸርኬው ክፍተት ዲስክ ይታያል፤ ጎማው ላይ 185/60 አር14 ይነበባል፤ ከኮፈኑ ሥር ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አለ፤ ካርቡራተር የለውም፤ ቱርቦም የለውም፤ ፓራውልቱ የተለየ ዕቃ ሳይሆን ቀለም ተቀብቶ ከአካሉ ጋር የተዋሐደ ነው። ሞተሩ ከፊት ነው ብለው ይጻፉ፤ ይህ ብቻውን ዘመን አይናገርም። ዲስኩ ከ1950ዎቹ ወዲህ ያደርገዋል፤ የጎማው ቁጥር ከ1970ዎቹ ወዲህ፤ በአካሉ ቀለም የተቀባው ፓራውልትና የቤንዚን መርጫው ወደ 1980ዎቹ ይገፉታል፤ ብቅ የሚለው መብራት ከ2004 በኋላ እንዳይሄዱ ያግድዎታል። እስካሁን ያለዎት ድንበር ከ1980 እስከ 2004 ነው።

ለማጥበብ የሚቀረው ጥያቄ በ1980ዎቹ የቱርቦ ግለት መሐል ቱርቦ የሌለው፣ ቀላልና የኋላ እግር የሚነዳ ክፍት መኪና ማን ሠራ የሚል ነው። ወረቀቱን ሲያነሡ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ያገኛሉ፤ በ1989 ቺካጎ ላይ የቀረበ፣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተርና ክብደቱ ከ1,000 ኪሎ በታች የሆነ፣ ሠሪዎቹ የድሮውን ሎተስ ኤላን በጥንቃቄ አጥንተው ያወጡት መኪና። በእኔ አስተያየት ከኤፍ40 ይልቅ ጥናት የሚገባው እሱ ነው፤ ብዙ ሠሪዎች ትተውት የነበረውን የቀላል ክፍት መኪና ገበያ መልሶ ከፍቷልና። ሁለተኛው ትውልድ በ1998 ሲመጣ መብራቱ የማይነቃነቅ ሆነ፤ ስለዚህ በደብተርዎ ላይ የሚጽፉት መልስ አንድ ዓመት ሳይሆን «ከ1989 እስከ 1997» የሚል ይሁን፤ ከጎኑም ለዚያ ያበቃዎትን ምልክት ያስፍሩ።